ምዕራፍ 7፦ ደሙ አየሩን ሲያጣው

በሳንባ ክሊኒክ ደጋግሞ የሚታይ፣ ላላወቀው ግን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰው ትንፋሽ አጥሯቸው ይመጣሉ። ጣታቸው ላይ የምትሰካውና የደማቸውን ኦክስጅን በመቶኛ የምታነበው ትንሽ መሣሪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትሯ፣ 90 ታሳያለች። ብዙዎቻችን ቬንቶሊን ወይም ፓፍ የምንለውን ሳልቡታሞል ይስባሉ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ደረታቸው ይከፈታል፤ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ይቀንሳል፤ በየቃሉ ይቆራረጥ የነበረው ንግግራቸው መቀጠል ይጀምራል። «ተመስገን» ይላሉ። መሣሪያዋ ግን 88 ላይ ናት።

ፓፉ አልሠራም እንዳይባል ሠርቷል። መሣሪያዋ ተሳስታለች እንዳይባል አልተሳሳተችም። አየሩ ገብቷል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ቀንሷል። ቅነሳው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና አላፊ ስለሆነ ይህን ያነበበ ሰው ፓፉን መጣል የለበትም፤ ሐኪሞችም በዚህ ምክንያት አይከለክሉትም። እኛን የሚጠቅመን እንቆቅልሹ ነው። እርሱን የፈታ ሰው በአፍና በአፍንጫ የሚሳቡ መድኃኒቶች ላይ የሚደረገው ሙከራ ለምን ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ፣ ለምን አንዱ ሳንባ ላይ የጠቀመው ሌላው ላይ እንደሚጎዳ ይገባዋል።

በምዕራፍ 6 አየር ከአፍንጫ ተነሥቶ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት የአየር ከረጢቶች ጋ እስኪደርስ ተከትለነው ነበር። እዚያ ላይ ስናቆም ሥራው ያለቀ መስሎን ይሆናል። ግማሹ ገና ነው። አየሩ ከረጢቱ ውስጥ ደርሶ የሚጠብቀው ደም ከሌለ የደረሰው በከንቱ ነው። ደሙም መጥቶ አየር ካጣ እንደመጣ ይመለሳል።

ተራ አስከባሪው

ሜክሲኮ አደባባይን በሥራ መውጫ ሰዓት አስቡት። ወደ ልደታና ጦር ኃይሎች የሚሄደው ሕዝብ በአንድ በኩል ተሰልፏል። ወደ ሳር ቤት የሚሄደው በሌላ በኩል ነው፤ ዛሬ ግን እዚያ ሰው የለም። ታክሲዎቹ እኩል ተካፍለው ግማሾቹ ሰው በሌለበት ቢቆሙ፣ በድምሩ ታክሲም ተሳፋሪም ሳይጠፋ ግማሹ ታክሲ ባዶውን ይሄዳል፣ ግማሹ ሕዝብ እግሩ እስኪነቃ ይቆማል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ተራ አስከባሪው ነው። ሰው የሌለበትን መስመር ይዘጋል፤ እየጮኸ፣ አንዳንዴም የመኪናውን በር እየደበደበ፣ ታክሲውን ወደ ሰልፉ ይመልሳል።

ሳንባ ውስጥ ተሳፋሪው ኦክስጅን ነው። ታክሲው ቀይ የደም ሴል ነው። ተራ አስከባሪውም አለ፤ በየደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ከረጢት ውስጥ አየር ሲያንስ፣ አክታ መንገዱን ስለዘጋው ወይም ቱቦው ስለጠበበ፣ ወደዚያ ከረጢት ደም የምታመጣው ትንሽ የደም ሥር በራሷ ትጠብባለች። ደሙ አየር ወዳለበት ይታጠፋል። በቀረው ሰውነታችን የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጡንቻ ኦክስጅን ሲያንሰው ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ደም ይጨመርለታል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚጠብበው የሳንባ ደም ሥር ነው። ይህን በድመቶች ላይ ለክተው ትርጉሙንም የተረዱት ስዊድናውያኑ ኡልፍ ፎን ኦይለርና ዮራን ሊልየስትራንድ ናቸው፤ ዓመቱ 1946 ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልተጨመረ ምሳሌው አይሞላም። ጥሩ አየር ያለው የሳንባ ክፍል አየር ያጣውን ማካካስ አይችልም ወይ? አይችልም። ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አራት መቀመጫ ብቻ ነው ያለው። አራቱ ከተያዙ ትርፍ መጫን የለም። በዚህ ረገድ ሳንባ ከታክሲዎቻችን የተሻለ ሕግ አክባሪ ነው። ስለዚህ ባዶውን የተመለሰው ደም ሞልቶ ከመጣው ጋር ግራ ልብ ውስጥ ሲቀላቀል አማካዩ ይወርዳል፤ ጣት ላይ የሚነበበውም ያ አማካይ ነው።

አሁን ወደ ፓፉ እንመለስ። ሳልቡታሞል የአየር ቱቦ ጡንቻን ያላላል፤ በመጠኑም የሳንባን የደም ሥር ያላላል። አየሩ ገና በደንብ ወዳልደረሰበት ክፍል የሚወስደው መስመር ተዘግቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ከፈተው። ተራ አስከባሪው ለአፍታ ዞር አለ፤ ታክሲዎቹም ወደ ባዶው ፌርማታ ገቡ። ትንፋሹ ቀልሎ ቁጥሩ የወረደው በዚህ ነው።

መስመር መዝጋትም ዋጋ አለው

የተራ አስከባሪው ዘዴ የታሰበው ለአጭር ችግር ነው። በሳንባ ምች አንድ ጥግ ሲታመም ያንን ጥግ ለጥቂት ቀን መዝጋት ብልህነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሕመሙ ሰፍቶ ዓመታት ሲቆይ ነው። በቲቢ ጠባሳ የተጎዳ ሳንባ፣ በትምባሆ ወይም በማዕድ ቤት ጭስ የተበላ ሳንባ፣ ሲኦፒዲ የሚባለው ቱቦዎችን የሚያጠብና ከረጢቶችን የሚያፈርስ ሕመም፣ ሳንባን እያደነደነ የሚሄደው ፋይብሮሲስ፤ በእነዚህ ሁሉ የሚዘጉት መስመሮች ይበዛሉ። ደሙ በቀሩት ጥቂት መንገዶች ተጨናንቆ ማለፍ አለበት። የሳንባ ደም ሥር ግፊት ይጨምራል። ቀኝ ልብ በዚህ ግፊት ላይ ደም ሲገፋ ኖሮ ይደክማል፤ እግር ያብጣል፤ ደረጃ መውጣት ቀርቶ ካልሲ ማጥለቅ ያስተነፍሳል። ይህ ግፊት ክንድ ላይ ከሚለካው የተለመደ የደም ግፊት የተለየ ነው። ክንዱ ላይ 120 በ80 እየታየ የሳንባው ግፊት ግን ከሚገባው እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሐኪም ምን ያድርግ? የደም ሥሮቹን የሚያሰፋ መድኃኒት ይስጥ የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። መጥቶም ነበር። ሪዮሲጓት የተባለው የሚዋጥ እንክብል በሌላ ዓይነት የሳንባ ደም ግፊት ላይ ጠቅሞ ስለታየ፣ ሳንባቸው በጠባሳ በደነደነባቸው 147 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ሙከራው በ2016 ሳይጨርስ ቆመ፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ሞትና ከባድ ጉዳት በዝቶ ነበር። ሲልዴናፊልም፣ ብዙ ሰው ቪያግራ በሚለው ስሙ የሚያውቀው፣ ሲኦፒዲ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲለካ የሳንባውን ግፊት ዝቅ እያደረገ ኦክስጅናቸውንም ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል። የተዋጠ እንክብል በደም ተሳፍሮ የትም ይደርሳል፤ አየር ባለበትም በሌለበትም። ለከተማው ተራ አስከባሪዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ዕረፍት እንደ መስጠት ነው።

ከአየሩ ጋር የሚመጣ መድኃኒት

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ መጣ፤ ሲሰሙት እንዴት ቀድሞ አልታሰበም የሚያሰኝ። መድኃኒቱ በትንፋሽ ቢሰጥስ? የሚሳብ ነገር የሚደርሰው አየር የሚደርስበት ብቻ ነው። አየር የሚደርስበትን የደም ሥር ያሰፋል፤ አየር የሌለበትን አይነካም። የመስመር መክፈቻ ትእዛዙን ይዞ የሚመጣው ራሱ ተሳፋሪው ነው ማለት ነው፤ ተሳፋሪ በሌለበት ትእዛዝም የለም። ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑ ግን አይወርድም፤ እንዲያውም ከፍ ይላል።

ለዚህ መጀመሪያ የታጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነበር። ሰውነታችን ራሱ የደም ሥሩን ለማላላት የሚሠራው ነገር ነው፤ ይህን ያወቁት ሦስት ሳይንቲስቶች በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በ1999 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ደም ሥራቸው ሳይከፈት ለተወለዱ ሕፃናት ተፈቀደ። ለሕፃናቱ ሠራ። ሐሳቡ ልክ ይመስል ነበር።

የባርሴሎና ተመራማሪዎች ግን ቀደም ብለው በ1996 ጋዙን ሲኦፒዲ ላለባቸው ሰዎች ሰጥተው ለኩ። ሕመምተኞቹ ዐርፈው ተቀምጠው ሳሉ ኦክስጅናቸው ወረደ። ተመራማሪዎቹ በዓመቱ ሰዎቹን የቆመ ብስክሌት እያስነዱ ደግመው ሲለኩ ያ መውረድ አልታየም። ምን ሆነ? የሲኦፒዲ ሳንባ «አየር አለ» እና «አየር የለም» ተብሎ ለሁለት የሚከፈል አይደለም። አብዛኛው መሐል ላይ ነው፤ አየር ይገባዋል፣ ግን ቀስ እያለና ጥቂት። ለኦክስጅን የማይበቃው ያ ጥቂት አየር፣ በጣም በትንሽ መጠን ለሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ በቅቶታል። ተሳፋሪው ሳይደርስ ትእዛዙ ቀድሞ ደረሰ፤ ባዶው ፌርማታም ተከፈተ።

ቀጥሎ የመጣው ብልሃት ደስ ይለኛል። ጋዙን ያለማቋረጥ ከመልቀቅ ይልቅ ሰውየው መተንፈስ ሲጀምር ለቅጽበት ብቻ መልቀቅ። ቶሎ የሚከፈተው ጤነኛው ክፍል የመጀመሪያውን አየር ይወስዳል፤ ዘግይቶ የሚከፈተው ክፍል የሚያገኘው መድኃኒት የሌለበትን ጭራውን ነው። በቪየና 40 ከባድ ሲኦፒዲ ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለሦስት ወር ይህን ሞከሩ፤ ግማሾቹ ኦክስጅን ብቻ፣ ግማሾቹ ኦክስጅንና ብልጭ ብልጭ የሚል ናይትሪክ ኦክሳይድ። በ2003 በወጣው ውጤት የሳንባው ደም ሥር ውጥረት ቀነሰ፤ ኦክስጅኑም አልወረደም።

ይህን ስታነቡ ነገሩ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ ምዕራፍ 4ን አስታውሱ። የ40 ሰው ሙከራ የሚጠቁመው የሚያስኬድ መንገድ መኖሩን ነው። ሰዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ ወይ? ገበያ ደርሰው መምጣት ቻሉ ወይ? ይህን 40 ሰው አይመልሰውም። ያው ጋዝ፣ በዚያው ብልሃት፣ ጠባሳ ሳንባ ላለባቸው ሰዎች በትንንሽ ሙከራዎች ተስፋ ሰጥቶ ወደ መጨረሻው ትልቅ ሙከራ ገባ። ሬቢልድ በተባለው በዚያ ሙከራ 145 ሰዎች ተሳተፉ፤ በ2023 ይፋ የሆነው ውጤት መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ የተሻለ ነገር እንዳልተገኘ ነው።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ሳንባ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ታሪክ ብቻ አስተምር ብባል የምመርጠው የትሬፕሮስቲኒልን ነው። ትሬፕሮስቲኒል የፕሮስታግላንዲን ቤተሰብ ነው (በ1930ዎቹ ፕሮስታግላንዲንን ካገኙት አንዱ ያው የድመቶቹ ፎን ኦይለር መሆኑ ይገርመኛል)። በፈሳሽ ተዘጋጅቶ ትንሽ መሣሪያ ወደ ጉም ትለውጠዋለች፤ ሰው በቀን አራት ጊዜ ይስበዋል።

ኢንክሪዝ የተባለው ሙከራ የተደረገው ሳንባቸው በጠባሳ በደነደነና በዚያ ምክንያት የሳንባ ደም ግፊት በያዛቸው 326 ሰዎች ላይ ነው። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ጉም ሳቡ፤ ማን የትኛውን እንደሚስብ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ከ16 ሳምንት በኋላ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት ተለካ። በሁለቱ ወገኖች መካከል 31 ሜትር ያህል ልዩነት ተገኘ። በ2021 ውጤቱ ታተመ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ሕመምተኞች ተፈቀደ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው። ሲኦፒዲ ያለባቸውስ? ግፊታቸው ያው ነው፣ ቀኝ ልባቸው እንደዚያው ይደክማል፣ ቁጥራቸውም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፐርፌክት የተባለው ሙከራ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው በተራ ሁለቱንም እንዲወስድ፣ ግማሹ በመድኃኒቱ ጀምሮ ወደ ማስመሰያው፣ ግማሹ ደግሞ በተገላቢጦሽ እንዲሄድ ተደርጎ የተነደፈ ነበር። ሳይጨርስ ቆመ። መድኃኒቱን እየወሰዱ በነበሩት ላይ ከባድ ጉዳት በዛ፤ ሞትም ወደዚያው አጋደለ።

አንድ መድኃኒት ነው፣ አንድ ዓይነት ጉም ነው፣ በአንድ ዓይነት ግፊት ላይ ነው የተሰጠው። ሳንባው ግን ሌላ ነበር። የደነደነ ሳንባ ይጠብባል እንጂ ቱቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው። የሲኦፒዲ ሳንባ ቱቦዎቹ ጠበው አየሩ ውስጥ ለውስጥ ይታሰራል፤ ጉሙም ራሱ ጉሮሮና ቱቦ እየቆረቆረ ያስላል። አሁን ሆኖ ሲታይ ማብራሪያው ቀላል ይመስላል። ከሙከራው በፊት ግን የተገላቢጦሹን ማብራሪያ እንዲሁ አሳምሮ መናገር ይቻል ነበር፤ ብዙ ጠቢባንም ተናግረዋል፣ አለዚያ ሙከራው ባልተጀመረም ነበር።

ፐርፌክትን ያስቆመው ማነው? መድኃኒቱን የሚሠራው ድርጅትም፣ ሐኪሞቹም፣ ታማሚዎቹም መጋረጃ ተጋርዶባቸው ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጥሩን እያዩ የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ የደኅንነት ተከታታይ ኮሚቴ ይባላሉ። ሥራቸው በየጊዜው ተሰብስቦ «ይቀጥል» ወይም «ይቁም» ማለት ነው። «ይቁም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ስለ መድኃኒት ሙከራ ስንሰማ ስለ እነርሱ የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ለሙከራ ፈርሙ የሚባሉ ዘመዶቻችን መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው «ይህን ከኋላ ሆኖ የሚያየው ማነው?» የሚለውን ይመስለኛል።

በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር?

31 ሜትር ለምን ተቆጠረ? የኦክስጅን ቁጥር ተነሥቶ ሰውየው ከአልጋው ባይወርድ ምን ይጠቅማል በሚል ነው። የስድስት ደቂቃ የእርምጃ ፈተና የሚጠይቀው 30 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ኮሪደር፣ ሁለት ምልክትና ሰዓት ነው። ሰውየው እየተመላለሰ በቻለው መጠን ይራመዳል፤ ቢደክመው ይቆማል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። አጠገቡ የሚሄደው ባለሙያ የሚናገረው ቃል እንኳን የተወሰነ ነው፤ «በርቱ፣ በርቱ!» እያሉ ማሟሟቅ ርቀቱን ስለሚጨምር። ርካሽና ሐቀኛ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ጉልበት የሚያመውንም፣ የዕለቱን ስሜትም አብሮ ይለካል። ሬቢልድ በዚህ ፈንታ እጅ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰር መሣሪያ ተጠቅሞ ሰዎቹ በቤታቸው በቀን ስንት ደቂቃ ጠንከር ብለው እንደሚንቀሳቀሱ ለክቷል። ሐሳቡ ያምራል። ክረምት ሲገባ ከቤት የማይወጣ ሰው ግን ሳንባው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይወርድበታል።

ኦክስጅኑስ?

እስካሁን ኦክስጅንን ተሳፋሪ እንጂ መድኃኒት አላልኩትም። በሲሊንደር ወይም ከአየር ላይ ለይቶ በሚሰጠው ማሽን፣ በኮንሰንትሬተር፣ ሲሰጥ ግን የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ ከቆዩትና በብዛት ከሚሰጡት አንዱ። እንደ መድኃኒት መፈተንም ነበረበት። በአስቸኳይ ሕክምና ሲሰጥ ግን ለረጅም ጊዜ ማንም በወጉ አልፈተነውም፤ ኦክስጅን ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

በአውስትራሊያ፣ ታዝሜኒያ ውስጥ የአምቡላንስ ሠራተኞች ፈተኑት። ሲኦፒዲያቸው ተነሥቶባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ 405 ሰዎች ገሚሶቹ እንደ ልማዱ በብዛት፣ ገሚሶቹ ተለክቶ፣ ቁጥራቸው ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ብቻ ተሰጣቸው። በ2010 የታተመው ውጤት በሕክምና ዓለም ጥቂት ጊዜ የሚታይ ዓይነት ነው፤ ተለክቶ የተሰጣቸው ዘንድ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከምክንያቶቹ አንዱን እናውቀዋለን። ኦክስጅን ራሱ ተራ አስከባሪውን ያስተኛዋል። በብዛት ሲለቀቅ ትንሽ አየር ብቻ የሚገባበት ክፍልም «ሞልቻለሁ» ይላል፤ የተዘጋው መስመር ይከፈታል፤ ደሙ ወደዚያ ይጎርፋል። እዚያ ግን አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ደሙ ይዞት የመጣው የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መውጫ አያገኝም። በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውየው ይደነዝዛል፣ ከዚያም ይተኛል። ጣቱ ላይ ያለችው መሣሪያ ግን 99 እያለች ታበራለች።

የቤት ኦክስጅንም እንዲሁ ተመዝኗል። በ1980 በአሜሪካ 203፣ በ1981 በብሪታንያ 87 ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች፣ ኦክስጅናቸው በጣም ዝቅ ያለ ሲኦፒዲ ያለባቸው ሰዎች በቀን ለብዙ ሰዓት ሲወስዱ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳዩ። ዛሬ ሐኪም «88 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ» የሚለው ወሰን ሥሩ እዚያ ነው። በ2016 ሎት የተባለው ሙከራ መጠነኛ መውረድ ያለባቸውን 738 ሰዎች ወስዶ፣ ዐርፈው ሳሉ ከ89 እስከ 93 የሆኑትንና በእርምጃ ጊዜ ብቻ የሚወርድባቸውን፣ ኦክስጅን ጥቅም እንዳልሰጣቸው አረጋገጠ። በ2024 ደግሞ ስዊድን ውስጥ 241 ሰዎች ላይ በቀን 24 ሰዓትና 15 ሰዓት ተነጻጽረው፣ 24 ሰዓቱ በሞትም ሆስፒታል በመግባትም ብልጫ አላሳየም። መብራት በሚሄድበት ቤት ኮንሰንትሬተር ይዞ ለሚያድር ሰው ይህ የመጨረሻው ዜና ትንሽ አይደለም።

ልደታ ላይ 93 ምንድን ነው?

እነዚህ ወሰኖች፣ 88፣ 92፣ 93፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የተወለዱት ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት የዚያው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም፣ የሚስበው ሰው ቱቦ ውስጥ የሚደርሰው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል 150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከሆነ፣ ልደታ ላይ ወደ 110 ይወርዳል። በዚህ ምክንያት እዚህ ከተማ ጤነኛ ሰው 93 ቢያነብ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሎት «መጠነኛ መውረድ» ብሎ ለሙከራ የመዘገበው ቁጥር፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ ቆመን መንገደኛውን ብንለካ፣ ከአላፊ አግዳሚው አንዳንድ ጤነኛ ሰው ጣት ላይም ሊገኝ ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አምሃ ገብረመድኅን፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን የለኩበትን ጥናት አሳተሙ። አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ ነበር፤ ደማቸውም በአንዲስ ተራሮች እንደሚኖሩት ሰዎች አልወፈረም። ከዚያ ከፍታ የሚጠበቀው ይህ አልነበረም። ስለዚህ «ከፍታው ላይ ያለ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይላል» የሚለው ደንብም በደጋው ሰው ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። የሎጊያ ተወላጅና የደባርቅ ተወላጅ ልደታ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው የተለያየ ቁጥር ጤነኛ ሊሆንላቸው ይችላል።

ለተራ አስከባሪውስ ከፍታው ምን ያደርገዋል? በከፍታ ላይ ኦክስጅን የሚያንሰው በአንድ ጥግ አይደለም፤ በሳንባው ሁሉ ነው። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን በሁሉም መስመር ላይ በመጠኑ ይነፋል። የታመመ ሳንባ ያለበት የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱንም ተሸክሟል፤ ከበሽታው የመጣውን የአንዳንዱን መስመር መዘጋትና ከከፍታው የመጣውን የሁሉንም መጥበብ። እንዲህ ባለ ሳንባ የሚሳብ የደም ሥር ማስፊያ ከባሕር ጠለሉ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ደግሞ የበለጠ ሊጎዳም ይችላል። ሁለቱንም በሚያሳምን መንገድ ጽፌ ላሳያችሁ እችላለሁ፤ በፐርፌክት እንዳየነው ደግሞ አሳማኝ ጽሑፍ ለዚህ አይበቃም።

ይህን የሚለካ ሰው ለረጅም ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። በአገሪቱ የሳንባ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በጥር 2013 ጥቁር አንበሳ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሥልጠና ኢኒሼቲቭ የተባለው፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሞችን በሁለት ዓመት የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስት የሚያደርገው ፕሮግራም ተጀመረ። መጀመሪያ መምህራኑ ከውጭ እየተፈራረቁ ይመጡ ነበር፤ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ሕመምተኛን የትንፋሽ አቅም በሚለካው ስፓይሮሜትሪ ማስነፋት፣ የልብን ቀኝ በኩል በአልትራሳውንድ ማየት፣ ከእጅ አንጓ የደም ወሳጅ ደም ቀድቶ ትክክለኛውን የኦክስጅን ግፊት ማንበብ፤ ለሙከራ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው።

የቀረው ጥያቄ ማን ይሞከርበት የሚለው ነው። ቶርች የተባለው ትልቅ የሲኦፒዲ ሙከራ በ42 አገሮች ከ6,000 በላይ ሰዎችን መዝግቦ ውጤቱ በ2007 ታትሟል፤ የሚሳቡ መድኃኒቶች ዛሬ ለሚታዘዙበት መንገድ ከዋና ምሰሶዎቹ አንዱ ነው። ለመግባት ግን ቢያንስ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ለአሥር ዓመት ወይም የዚያን ያህል ያጨሰ መሆን ይጠይቅ ነበር። አርባ ዓመት ምጣድ ሥር እንጨትና ኩበት እያነደዱ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ፣ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናት በር ላይ ይመለሳሉ። የእርሳቸው ሳንባ ደግሞ ከአጫሹ ጋር አንድ አይደለም። እንደ አዲስ አበባ ከፍ ባለችው በሜክሲኮ ሲቲ የተደረጉ ጥናቶች በማገዶ ጭስ የተጎዳ ሳንባ ከረጢቶቹ ብዙም ሳይፈርሱ ትንንሽ ቱቦዎቹ እንደሚደነድኑና እንደሚጠብቡ አሳይተዋል። ጠባሳውን ከተመለከትን የኢንክሪዝ ሕመምተኞችን ይመስላሉ፤ የቱቦውን ጥበት ከተመለከትን ደግሞ የፐርፌክትን። በአንደኛው ሙከራ መድኃኒቱ 31 ሜትር ጨምሯል፣ በሁለተኛው ገድሏል ተብሎ ተጠርጥሯል፤ እርሳቸው ግን በሁለቱም ውስጥ አልነበሩም።